ሌዘር መቅረጫ በቤታችን፦ ከሥዕሉ በፊት ዕቃውን እንወቅ

በእንጨት ላይ ስም፣ በቆዳ ላይ ጽሑፍ፣ በመዙዛ መያዣ ላይ ጌጥ የሚቀርጸው የሌዘር ማሽን ዛሬ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ መሣሪያ ሆኗል። ልጆቻችን የባር ሚጽቫና የሠርግ ስጦታ እየቀረጹ ቢሸጡበት ጥሩ የገቢ በር ይሆንላቸዋል። ነገር ግን ይህ ማሽን የሚቀርጸው በማቃጠል ነው። ስለዚህ ወላጅ ልጁ ምን እንደሚቀርጽ ብቻ ሳይሆን በምን ላይ እንደሚቀርጽም መጠየቅ አለበት። ለዚህ ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግም። ዛሬ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፦ የማሽኑን ከፍታ ማስተካከልና የማይጎዳ ዕቃ መምረጥ።

ከፍታው ለምን ይስተካከላል?

ማጉያ መነጽር በፀሐይ ይዞ ወረቀት ያቃጠለ ልጅ ይህን ነገር ያውቀዋል። መነጽሩ ሲጠጋ ወይም ሲርቅ ብርሃኑ ይሰፋል፤ ወረቀቱ ይሞቃል እንጂ አይቃጠልም። በአንድ ልክ ርቀት ላይ ግን ብርሃኑ እንደ መርፌ ጫፍ ይጠብና ወረቀቱ ይጨሳል። የሌዘር ማሽንም ሌንስ አለው፤ ብርሃኑ በጣም የሚጠብበት ርቀት ፎከስ ይባላል። ርቀቱ ከተዛባ ፊደሉ ወፍራምና ደብዛዛ ይሆናል። ጀማሪ ይህን ሲያይ ኃይሉን ይጨምራል፤ ያን ጊዜ እንጨቱ ይከስላል፣ ጭሱ ይበዛል፣ እሳትም ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ቅርጹ ሲደበዝዝ መጀመሪያ የሚመረመረው ከፍታው ነው።

ከብዙዎቹ ማሽኖች ጋር ትንሽ የከፍታ መለኪያ ትመጣለች። ሌዘሩ ሳይበራ መለኪያዋን በዕቃው ላይ አስቀምጡ፤ የማሽኑን ጭንቅላት እስኪነካት ድረስ ዝቅ አድርጉና አጥብቁት፤ ከዚያ መለኪያዋን አውጡ። ርቀቱ የሚለካው ከዕቃው የላይኛው ፊት እንጂ ከጠረጴዛው አይደለም። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ጣውላ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ስንሸጋገር ፊቱ በ6 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፤ ጭንቅላቱም በዚያው ልክ ከፍ ማለት አለበት።

መለኪያዋ ብትጠፋ ሌላ ዘዴ አለ። 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ለስላሳ ጣውላ ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ጭንቅላቱ ከፍ ያለውን ጫፍ እንደማይመታ አረጋግጡ። ከዚያም የጭንቅላቱን ከፍታ ሳትለውጡ፣ በአነስተኛ ኃይል፣ ከዝቅተኛው ጫፍ እስከ ከፍተኛው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ቅረጹ። መስመሩ በአንድ ቦታ ላይ ቀጥኖ ከዚያ ወዲህና ወዲያ እየወፈረ ይሄዳል። ሌዘሩን አጥፍታችሁ ጭንቅላቱን በጣም በቀጠነው ቦታ ላይ አምጡና ከጣውላው ያለውን ርቀት ለኩ። በዚያ ልክ ከእንጨት ቁራጭ አዲስ መለኪያ መሥራት ይቻላል።

የትኛው ዕቃ ይቀረጽበታል?

በአገር ቤት ሸክላ የሚሠሩ እናቶቻችን አፈሩን ሳይመርጡ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ አባቶቻችንም ብረቱን ሳያዩ ሥራ አይጀምሩም ነበር። እዚህም እንዲሁ ነው። ያልተቀባና በኬሚካል ያልተነከረ እንጨት፣ ቀርከሃ፣ ካርቶን፣ ቡሽ፣ የጥጥ ጨርቅና በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ጭሱ እስከ ወጣ ድረስ ይቀረጽባቸዋል። ኮምፔንሳቶ፣ በዕብራይስጥ ዲክት የምንለው፣ እንዲሁም ኤም.ዲ.ኤፍ. ሙጫ ስላለባቸው ጭሳቸው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የሚከለከለው ፒ.ቪ.ሲ. ወይም ቪኒል የሚባለው ፕላስቲክ ነው። በውስጡ ክሎሪን አለ። ሲቃጠል የሚወጣው ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ ዓይንና ሳንባን ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝጋል። ችግሩ ፒ.ቪ.ሲ. በሌላ መልክ መምጣቱ ነው። ድሙይ ኦር የሚባለው ሰው ሠራሽ ቆዳ ብዙ ጊዜ ከእርሱ ይሠራል። ኤ.ቢ.ኤስ. የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ደግሞ ሲቃጠል መርዛም የሆነ ሃይድሮጅን ሳያናይድ ሊያወጣ ይችላል። በክሮም የለፋ ቆዳም ይቅር። የሚያብረቀርቅ ብረት ጨረሩን መልሶ ወደ ዓይን ሊወረውር ይችላል።

ታዲያ እንዴት ይለያል? ስትገዙ ሻጩ የዕቃውን ምንነት በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። በፕላስቲኩ ላይ ባለው የሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 3 ቁጥር ካለ ፒ.ቪ.ሲ. ነው፤ አትቅረጹበት። ምልክት ባይኖርም ነጻ ነው ማለት አይደለም። ፈተናው የሚመጣው ደንበኛ የራሱን ቦርሳ ይዞ መጥቶ ስሜን ቅረጹልኝ ሲል ነው። ምንነቱ ካልታወቀ መልሱ አይሆንም ነው። አንድ ደንበኛ ቢቀር ሌላ ይመጣል፤ የተጎዳ ሳንባ ግን በገንዘብ አይመለስም።

ማሽኑ የት ይቀመጥ?

ብዙ ቤተሰብ ትርፍ ክፍል ስለሌለው ማማድ ውስጥ ማስቀመጥ ያስባል። ማማድ በሩም መስኮቱም ተዘግቶ ለመታሸግ የተሠራ ነው፤ ጭስ ይታፈንበታል፣ በአደጋ ጊዜም ነጻ መሆን አለበት። ማሽኑ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ በሚያወጣ ቦታ፣ ከሕፃናትና ከመጋረጃ ርቆ ይቀመጥ። መነጽሩ ለዚያው የሌዘር ዓይነት የተሠራ መሆን አለበት፤ የፀሐይ መነጽር አያድንም። እየሠራ ያለ ማሽን ለአንድ ደቂቃም ብቻውን አይተውም። እሳት ማጥፊያ በአጠገቡ ይኑር፤ እሳት ከተነሣ 102 ይደወላል።

ሥራው ወደ ሽያጭ ሲሸጋገር በመአም፣ በገቢ ግብርና በቢቱአሕ ሌኡሚ ፋይል መክፈት ያስፈልጋል። ከቢቱአሕ ሌኡሚ ድጎማ የሚቀበል ቤተሰብ አስቀድሞ ይጠይቅ።

እነዚህን ጥያቄዎች ቆርጣችሁ በማሽኑ አጠገብ ለጥፉ፦

1. ዕቃው ምንድን ነው? ማንስ አረጋገጠ?
2. ከፍታው ለዚህ ዕቃ ውፍረት ተስተካክሏል?
3. ጭሱ ወደ ውጭ ይወጣል?
4. ትክክለኛው መነጽር ተደርጓል?
5. ማሽኑን እስኪጨርስ የሚጠብቅ ሰው አለ?

ከአምስቱ አንዱ እንኳ መልስ ካጣ ማሽኑ አይበራም።