የሕግ መልካምነት በምን ይመዘናል?

ሰው ሁሉ ደስታን ይፈልጋል፤ ከመከራም ይሸሻል። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1748 እስከ 1832 የኖረው እንግሊዛዊው ሊቅ ጄረሚ ቤንታም ይህን መሠረት አድርጎ የሕግን ሚዛን አቆመ። በእርሱ ትምህርት ሕግ መልካም የሚባለው የቆየ ስለ ሆነ ወይም ኃያል ሰው ስለ አወጣው አይደለም፤ የሕዝቡን ደስታ ሲያበዛ መከራውንም ሲያሳንስ ነው እንጂ። በዚህም ሚዛን ድኻ ቢሆን ባለጠጋ፥ ጌታ ቢሆን ሎሌ፥ እያንዳንዱ እንደ አንድ ሰው ይቈጠራል።

ይህ ነገር በቤኒሻንጉል ታሪክ ይገለጣል። አሶሳ ያለችበት ይህ አገር በ1890 ዓ.ም. በራስ መኰንን ዘመቻ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ከገባ በኋላ ግብሩን በወርቅና በባሪያ ይከፍል ነበር። የአገሩ ገዥ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰንም በዚሁ ንግድ በለጸጉ። ከበርታ፥ ከጉሙዝ፥ ከማኦና ከኮሞ ወገን የተያዙት ሰዎች ግን ከዘመዶቻቸው ተለይተው እየተነዱ ይሸጡ ነበር። ጌታው ከባሪያው የሚያገኘው ጥቂት ዕረፍት ነው፤ ባሪያው የሚያጣው ግን ዕድሜውን ሁሉ ነው። የሁለቱ ነገር በትክክል ቢመዘን ኖሮ ያ ሥርዓት አንድ ቀን እንኳ ባልጸና ነበር፤ የጸናውም የባሪያው ልቅሶ ከቍጥር ስላልገባ ነው።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ገባች፤ በዚያው ዓመትም ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ እንዲወጡ አዋጅ ወጣ። ነገር ግን አዋጅ የሚያስፈጽመው ካላገኘ ከወረቀት አያልፍምና፥ ከመናገሻው ከተማ በራቀው ጠረፍ ንግዱ ወዲያው አልቆመም። ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ታወጀ። ስለዚህ ደስታን የሚጠብቅ ሕግ ብቻውን አይበቃም፤ ሕጉን የሚፈጽም መንግሥትና የተበደለውን የሚሰማ ዳኛም ያስፈልጋሉ።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ይቀራል። የሚጨነቁት ጥቂቶች፥ የሚደሰቱት ግን እጅግ ብዙዎች ቢሆኑስ? ቤንታምን ተከትሎ የተነሣው ጆን ስቱዋርት ሚል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ስለ ነጻነት በጻፈው መጽሐፍ፥ ብዙዎች በተባበሩ ጊዜ እንደ አንድ ጨካኝ ንጉሥ ሊያስጨንቁ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል።

እንግዲህ ሕግ የሚያወጣ ሰው ስንት ሰዎች እንደሚደሰቱ ብቻ አይጠይቅ፤ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነም ይመርምር። ከሸንጎ ርቆ የሚያለቅስ አንድ ሰው፥ ድምፁ ባይሰማም፥ ከሰው ቍጥር አይጎድልምና።