ማገዶ፣ ብርድና ጭስ

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ድሬዳዋ ላይ ሲያልበው የዋለ ሰው ሐረር ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከሐረርም በላይ ያሉት የቁልቢና የጋራ ሙለታ ሰዎች የበለጠ ይበርዳቸዋል።

እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚወርደው በረዶ በአገራችን እንደ ራስ ደጀን ባሉ ከፍተኛ ተራራዎች ላይ ካልሆነ በቀር አይታይም። ክረምታችን የዝናብ ነው። ብርዱ የሚጠናው ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ነው። ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ትለቀዋለች። ደመና ቢኖር እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያቆይላት ነበር። በደጋውማ ውርጭ ይወርዳል። ያኔ ሁላችንም በሩን ዘግተን እሳት ዙሪያ እንሰበሰባለን።

እሳት ወዳጃችን ነው። ምግባችንን ያበስላል፣ ቡናችንን ያፈላል፣ ያሞቀናል። ነገር ግን በአግባቡ ካልያዝነው ሦስት ጉዳት ያመጣል። አንደኛ፣ ጭሱ ያሳምማል። ሁለተኛ፣ ፍሙ ሳይታወቅ ይገድላል። ሦስተኛ፣ ማገዶው መሬታችንን ያራቁታል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ጭስ

እርጥብ እንጨት ስናነድ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ይጨሳል፤ ዓይን ያስለቅሳል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ግማሽ ያህሉ ክብደት ውሃ ነው። እሳቱ ቤቱን ከማሞቁ በፊት ያንን ውሃ ማድረቅ አለበት። ስለዚህ እርጥብ እንጨት ስናነድ ብዙ ማገዶ በከንቱ ይጠፋል። ጭስ ማለት እኮ በደንብ ያልነደደ እንጨት ነው። በጣራው ሾልኮ ሲወጣ የምናየው፣ በጀርባ ተሸክመን ያመጣነው ማገዶ ነው።

ጭስ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሳል ያመጣል፤ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት ምድጃ ሥር የሚውሉት እናቶችና በጀርባቸው የታዘሉት ልጆች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ብቻ በዓለም ላይ በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከነዚህ ውስጥ ከ230,000 በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

ከጁገል አሮጌ ቤቶች የምንማረው አለ። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሐረር የግንብ ከተማ ነው። የሐረሪ ቤት ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው። ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ማድ ቤቱም ከመኖሪያው ተለይቶ በግቢው ውስጥ ይሠራል። ስለዚህ ሰው የሚቀመጥበት ነደባ ጥላሸት አይነካውም። ማድ ቤትን መለየት ለጎጆም ይሆናል፤ በጭቃና በእንጨት መሥራት ይቻላል።

ጭስ የሌለው ገዳይ

ጭስ መጥፎ ቢሆንም ያስጠነቅቀናል። ሲያስለን ወጥተን እንሄዳለን። የከሰል ፍም ግን አያስጠነቅቅም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲያበቃ «አሁንማ ጉዳት የለውም» እንላለን። ይህ ትክክል አይደለም። ከቀላው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣል። አይታይም፤ አይሸትም።

እንዴት ይገድላል? ደማችን ንጹሕ አየር ከሳንባ ወደ መላው አካል እንደሚያጓጉዝ አህያ ነው። ይህ መርዝ ቀድሞ አህያው ላይ ይጫናል። አህያው ንጹሕ አየር የሚጭንበት ቦታ ያጣል። ሰውየው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፤ ቀጥሎ ያዞረዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል። የተኛ ሰው ግን ይህንንም ሳያውቅ እንደ ተኛ ይቀራል።

በተለይ አራስ እንዳይበርዳት ተብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል ይቀመጥላታል። ይህን የምናደርገው ለእሷና ለሕፃኑ ስለምናስብ ነው። ነገር ግን አደጋው የሚበረታው በዚሁ ክፍል ነው። ከሰሉ አጠገብ ውሃ ማስቀመጥም መርዙን አያጠፋም።

አደጋው የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ አካባቢ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ከባድ ማዕበል መብራት አጠፋ። ቤታቸውን በከሰል ሊያሞቁ የሞከሩ ብዙ ሰዎች ታመሙ፤ የሞቱም ነበሩ። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ከሌላ አገር የሄዱ ስደተኞች ነበሩ። በረዶ በሚበዛበት አገር እንጨት አንድደው ቤታቸውን የሚያሞቁ ሰዎች፣ ምድጃቸው ጣራውን አልፎ የሚወጣ የጭስ ቧንቧ አለው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ጭሱንና መርዙን ይዞት ይሄዳል። የእኛ የከሰል ማንደጃ ግን ቧንቧ የለውም።

ማገዶና መሬታችን

በየማለዳው እናቶችና እህቶች የእንጨት ሸክም አዝለው በሸዋ በርና በኤረር በር ወደ ሐረር ይገባሉ። ድሮ እንጨቱ ቅርብ ነበር። ዛሬ ሩቅ ይኬዳል። ለምን? ከምንተክለው የምንቆርጠው ስለ በዛ ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከአምስት እስከ ስምንት ኪሎ እንጨት ይቃጠላል።

የተራቆተ ተራራ አፈሩን አይዝም። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ መንገድ ላይ ያለውን የሐሮማያን ሐይቅ እናስታውስ። የሐረር ሰው ይጠጣው ነበር። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። ውሃው ለመስኖ በብዛት መሳቡ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ ከተራቆቱት ኮረብታዎች የወረደው ደለልም ሌላው ነው። በኋላ ዓመታት ውሃው ቢመለስም ትምህርቱን መርሳት አይገባንም።

እንጨት ሲጠፋ ኩበት እናነዳለን። ኩበት ግን የማሳችን ማዳበሪያ ነው። የማሽላ አገዳም ለከብት መኖ ይሆናል። እንግዲህ ምድጃችን እህላችንን እየበላ ነው ማለት አይደል?

ምን እናድርግ?

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። በአቅማችን የሚሠሩ ነገሮች አሉ።

1. እንጨቱን በበጋ ፈልጠን፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ ደርድረን እናድርቅ።
2. ምድጃችንን በጭቃ እንክበብ። ለእንጀራ «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል። «ላቀች» የተባለው ማንደጃም ከሰል ይቆጥባል።
3. የከሰል ማንደጃ ከመተኛታችን በፊት ወደ ውጭ እናውጣ። ለአራስም፣ ለሕፃንም፣ ለበሽተኛም ቢሆን ከሰል አጠገባቸው አይደር።
4. መኝታ ለማሞቅ ድንጋይ በእሳት አሙቀን፣ እንዳያቃጥል በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለን ከእግር በኩል እናስቀምጥ።
5. በከሰል የታፈነ ሰው ብናገኝ በሩን ከፍተን ፈጥነን ወደ ውጭ እናውጣው፤ ሳንዘገይም ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ቢነቃም ሐኪም ይየው።
6. በየጓሮአችንና በየድንበራችን ዛፍ እንትከል። አዲስ አበባ እንኳ በምኒልክ ዘመን ማገዶ ቸግሯት ነበር፤ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ባሕር ዛፍ መትከሉ ችግሩን አቃለለው። ባሕር ዛፍ ግን ውሃ ስለሚጠጣ ከምንጭና ከማሳ አርቀን እንትከለው።

እናስላ

አንድ ቤት በሳምንት 2 ሸክም እንጨት ያነዳል እንበል። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው። 2 ሲባዛ በ52፣ 104 ሸክም ይሆናል። 50 ቤት ያለበት መንደር 5,200 ሸክም ያነዳል። ግማሹን ብንቆጥብ 2,600 ሸክም ይተርፋል። ይህን ያህል ጊዜ የአንዲት እናት ጀርባ ከሸክም ያርፋል።

ጥያቄዎች

1. ከሰል ቀልቶ ጭሱ ካበቃ በኋላ ለምን አደገኛ ይሆናል?
2. የታፈነ ሰው በመጀመሪያ ምን ይሰማዋል? ምንስ እናደርግለታለን?
3. በእናንተ ቤት በሳምንት ስንት ሸክም ይነዳል? የዓመቱን አስሉና ጻፉ።
4. በመንደራችሁ አራስ ያለችበት ቤት አለ? በምን ትሞቃለች? ዛሬውኑ ሄዳችሁ ይህን ንባብ አንብቡላት።