ድግግሞሽ በዜማ፣ በሰዋስውና በድርሰት

ተማሪዎች፣ ከድርሰታችሁ ኅዳግ ላይ መምህራችሁ በቀይ ቀለም «ድግግሞሽ» ብለው የጻፉበት ጊዜ ሳይኖር አይቀርም። ይህን ያነበበ ተማሪ ድግግሞሽ ምንጊዜም ጉድለት ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ይሁን እንጂ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ጉድለት የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ ኃይል የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ሁለቱን ለይታችሁ ታውቁ ዘንድ በመጀመሪያ ስለ አንዲት አሜሪካዊት ድምፃዊት የተጻፈ ምንባብ ታነባላችሁ፤ ቀጥሎም ድግግሞሽ በአማርኛ ሰዋስውና በድርሰት ውስጥ የሚሰጠውን አገልግሎት ትመረምራላችሁ። በምንባቡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ወደ ብሉዝ መመለስ

ብሉዝ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ይኖሩ በነበሩ ጥቁር ሕዝቦች መካከል የተወለደ የዘፈን ዐይነት ነው። ባርነት በ1865 በሕግ ቢሻርም ድህነቱና ግፉ ገና አልተሻረም ነበር፤ ሕዝቡም የልቡን በዜማ ይናገር ነበር።

የተለመደው የብሉዝ አንጓ ሦስት ስንኞች አሉት። ዘፋኙ የመጀመሪያውን ስንኝ ያሰማል፤ ያንኑ ስንኝ ይደግመዋል፤ በሦስተኛው ስንኝ መልስ ይሰጠዋል። ሙዚቃውም በዚሁ ልክ የተለካ ነው። እያንዳንዳቸው አራት ምት ያላቸው 12 ክፍሎች ሲኖሩት ለእያንዳንዱ ስንኝ አራት አራት ክፍል ይደርሰዋል። ዘፋኙ ግን የተሰጠውን ቦታ ሁሉ አይሞላም፤ ግማሹን ያህል ዘፍኖ ያርፋል። በቀረው ቦታ መሣሪያው እንደ ተቀባይ ሆኖ ይመልስለታል።

በዚህ ስልት ስማቸው ከተጠራ ድምፃውያን አንዷ ዳይና ዋሽንግተን ናት። እውነተኛ ስሟ ሩት ሊ ጆንስ ሲሆን የተወለደችው በ1924 በአላባማ ግዛት በተስከሉሳ ከተማ ነው። ገና ሕፃን ሳለች ቤተሰቧ ወደ ቺካጎ ስለ ተዛወረ በዚያ በቤተ ክርስቲያን እየዘመረችና ፒያኖ እየተጫወተች አደገች። በ1943 በታወቀው የላዮኔል ሃምፕተን ኦርኬስትራ ገብታ መዝፈን ጀመረች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ ሲቀረጽ ካሰማቻቸው መካከል የብሉዝ ዘፈኖች ይገኙ ነበር። ከጊዜ በኋላም «የብሉዝ ንግሥት» ተባለች።

ዳይና ግን በአንድ ስልት ብቻ ተወስና አልቀረችም። ጃዝንም የፍቅር ዘፈንንም ትዘፍን ነበር። በ1959 በባለ አውታር መሣሪያዎች ታጅባ በለስላሳ ድምፅ ያሰማችው «ዋት ኤ ዲፈረንስ ኤ ደይ ሜድ» የተሰኘ ዘፈን ከቀድሞ አድማጮችዋ አልፎ በብዙ ሕዝብ ዘንድ ተወደደላት፤ የግራሚ ሽልማትንም አስገኘላት። ብዙ ዘፋኝ እዚህ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ የጀመረበትን መንገድ ዘወር ብሎ አያይም። እርሷ ግን ዘወር ብላ አየች። ሩሌት በተባለው የሸክላ አሳታሚ ድርጅት በኩል በ1963 የወጣው ሸክላዋ ርእሱ «ባክ ቱ ዘ ብሉዝ» ማለትም «ወደ ብሉዝ መመለስ» ነበር።

ለዚህ ሸክላ ሙዚቃውን ያቀናበረው ፍሬድ ኖርማን ነው። የአጃቢዎቹ ቁጥር ብዙ ነበር። በእንዲህ ያለ ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ ትራምፔቶች፣ ትሮምቦኖችና ሳክስፎኖች በየቡድናቸው ይሰለፋሉ፤ ፒያኖ፣ ባስ፣ ጊታርና ከበሮ ምቱን ይጠብቃሉ። በጥንቱ ብሉዝ አንድ ጊታር ይሰጠው የነበረውን መልስ አሁን አንድ ሙሉ የመሣሪያ ቡድን ይሰጠዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ የአቀናባሪው ጭንቀት የሚጀምረው መሣሪያዎቹን በማናገሩ ሳይሆን ዝም በማሰኘቱ ነው፤ ይህን ሁሉ ነሐስ በአንድ ጊዜ ቢለቀው የዘፋኟን ቃል ይውጠዋልና። ዳይና በበኩሏ እያንዳንዱን ቃል አጥርታና ቆርጣ በመጥራት የታወቀች ነበረች። ስለዚህ ስንኙን ስትደግመው ቃሉ ያው ሆኖ ሳለ ድምፁ ይለወጣል፤ በመጀመሪያው ጊዜ ያልተሰማው ምሬት ወይም ፌዝ በሁለተኛው ጊዜ ይሰማል።

በሸክላው ውስጥ ከሚገኙት ዘፈኖች አንዱ ሊሮይ ካር በ1928 በሸክላ ያስቀረጸው «ሃው ሎንግ፣ ሃው ሎንግ ብሉዝ» ነው። ይህ ዘፈን 12 ሳይሆን ስምንት የምት ክፍሎች ብቻ ያሉት ነው። ርእሱ ራሱ «እስከ መቼ፣ እስከ መቼ» የሚል ድግግሞሽ መሆኑን ልብ በሉ። አንድ ጊዜ «እስከ መቼ» የሚል ሰው ጠያቂ ነው፤ ሁለት ጊዜ የሚል ሰው ግን መልስ ያጣ ነው።

ዳይና ዋሽንግተን ታኅሣሥ 14 ቀን 1963 በዲትሮይት ከተማ በ39 ዓመቷ ሞተች። ወደ ብሉዝ የተመለሰችበት ሸክላ በወጣበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። በ19 ዓመቷ የዘፈነችውን ብሉዝ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ስትዘፍነው ስልቱ የቀድሞው ነው፤ በመካከሉ የኖረችው ኑሮ ግን ድምፁን ለውጦታል። እንግዲህ ይህ ሸክላ በሕይወቷ ውስጥ እንደ ሁለተኛው ስንኝ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ሦስተኛውን ስንኝ ለመዝፈን ግን ዕድሜ አልሰጣትም።

ለ. ሰዋስው

የአማርኛ ቋንቋም ነገሩን ለማጠንከር ወይም ለማብዛት ድምፅን ይደግማል። የሚከተሉትን ተመልከቱ።

1. በግሥ፦ ሰበረ፣ ሰባበረ፤ ቆረጠ፣ ቆራረጠ፤ ለቀመ፣ ለቃቀመ፤ ጠየቀ፣ ጠያየቀ። እነዚህ ግሦች ሲደገሙ የመካከለኛው ፊደል አንድ ጊዜ በራብዕ ይጨመራል። «ብርጭቆውን ሰበረው» እና «ብርጭቆውን ሰባበረው» በሚሉት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ፊደል ብቻ ነው፤ የሁለተኛው ሰባሪ ቁጣ ግን ከዚያች ፊደል ይታወቃል።

2. በቅጽል፦ ትልቅ፣ ትልልቅ፤ ረጅም፣ ረጃጅም፤ ሰፊ፣ ሰፋፊ። እዚህ ድግግሞሹ ብዛትን ያመለክታል።

3. ቃሉ እንዳለ ሲደገም፦ ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ሁለት ሁለት። «ሁለት ውሰዱ» ማለትና «ሁለት ሁለት ውሰዱ» ማለት ፈጽሞ የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው ትክክለኛ ድግግሞሽ አንድ አዲስ ነገር ይዞ የሚመጣ መሆኑን ነው።

ሐ. ድርሰት

አንድ ተማሪ ስለ አንዲት ድምፃዊት እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ «ድምፅዋ ጥሩ ነው። ዘፈኗም ጥሩ ነው። አጃቢዎቿም ጥሩ ናቸው።» በዚህ አንቀጽ «ጥሩ» ሦስት ጊዜ ተነገረ፤ አንባቢው ግን ከመጀመሪያው በኋላ ምንም አልጨመረም። መምህሩ በቀይ ቀለም ቢያሰምሩበት ተገቢ ነው።

አሁን ደግሞ ለዚህ ትምህርት ሲባል በብሉዝ አንጓ አምሳል የተጻፈውን የሚከተለውን ግጥም አንብቡ።

ደብዳቤ ስጠብቅ ፖስተኛው አለፈ፤
ደብዳቤ ስጠብቅ ፖስተኛው አለፈ፤
ስሜን የሚያስታውስ ማነው የተረፈ?

የመጀመሪያው ስንኝ ወሬ ነው፤ የሆነውን ይነግረናል። ሁለተኛው በቃል ያው ሆኖ ሳለ ወሬ መሆኑ ይቀራል፤ ተናጋሪው የሆነውን ለማመን እንደ ተቸገረ ያሳየናል። ሦስተኛው ከደብዳቤው አልፎ ወደ ብቸኝነቱ ይወስደናል። ሁለተኛውን ስንኝ ብትሰርዙት ሦስተኛው ድንገት ይደርስና ክብደቱን ያጣል። ስለዚህ በጽሑፋችሁ ውስጥ አንድን ቃል ወይም ሐሳብ ከመድገማችሁ በፊት «ይህን ብሰርዘው ምን ይጎድላል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የሚጎድል ነገር ከሌለ ሰርዙት፤ ካለ ግን ሳትፈሩ ድገሙት።

መ. መልመጃ

1. የብሉዝ ዘፋኝ ከተሰጠው ቦታ ግማሹን ያህል ብቻ ዘፍኖ የሚያርፈው ለምንድን ነው? በምንባቡ መሠረት መልሱ።

2. የአቀናባሪው ጭንቀት «ዝም በማሰኘቱ» የሚጀምረው ለምን እንደ ሆነ በሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስረዱ።

3. የምንባቡ ጸሐፊ ሸክላውን «ሁለተኛው ስንኝ» ሲል ምን ማለቱ ነው? በአባባሉ ትስማማላችሁ? ምክንያታችሁን ስጡ።

4. ቀደደ፣ ነቀለ፣ ገለጠ፣ አጭር፣ ጠባብ የሚሉትን ቃላት በድግግሞሽ መልክ ጽፋችሁ በዐረፍተ ነገር አግቡ።

5. «ጥሩ» የሚለው ቃል የተደጋገመበትን የተማሪውን አንቀጽ፣ ያያችሁትንና የሰማችሁትን በሚገልጡ ቃላት ተክታችሁ እንደ ገና ጻፉ።

6. ሁለተኛው ስንኝ የመጀመሪያው ድጋሚ የሆነበት ባለ ሦስት ስንኝ ግጥም ጻፉ። በክፍል ውስጥ ስታነቡ ሁለተኛውን ስንኝ በመጀመሪያው ድምፅ አታንብቡት።

7. ትታችሁት ወደ ነበረ ሥራ፣ ቦታ ወይም ወዳጅ የተመለሳችሁበትን ጊዜ በማስታወስ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። ስትመለሱ ያልተለወጠው ምን እንደ ነበረ፣ የተለወጠውስ እናንተ ወይስ ነገሩ መሆኑን ግለጡ።