ብርቱካኑን ይዘን፣ ስብከቱን ትተን

ጅቡቲ ከተማ ጫፍ ላይ፣ ፒኬ 12 አካባቢ ተራ የሚጠብቀውን ተሳቢ ያየ ሰው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ በማን ጉልበት እንደሚንቀሳቀስ ይገባዋል። ከሾፌሮቹ አንዱ የተገለበጠ ዕለት ወሬው ሳይመሽ የጋላፊን ድንበር አልፎ ሚሌ ይደርሳል። ጠያቂው ብርቱካኑን አንጠልጥሎ ይመጣል፤ ጎራ ብሎም ስብከቱን ይጀምራል። «እኔ ብዬህ ነበር!» «ሁለተኛ መሪ እንዳትነካ!» የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

ወዳጄ፣ ከዚህ የተሻለ ጠያቂ መሆን ትችላለህ። መንገዳችን የውድድር ሜዳ አይደለም፣ እንዲሆንም አንመኝም። ግን ከአደጋ ጋር መኖርን ከመኪና እሽቅድምድም ሰዎች በላይ የሚያስተምር የለም።

ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ የ1975 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ.) የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጀርመን ውስጥ ኑርቡርግሪንግ ላይ ከመወዳደራቸው በፊት «ይህ ሜዳ አደገኛ ነው፣ ይቅርብን» ቢል ባልደረቦቹ በድምፅ ብልጫ ውድቅ አደረጉበት። ኦገስት 1 ቀን 1976 መኪናው ተጋጭታ በእሳት ተያያዘች። አንድ ዙሩ ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ሜዳ እርዳታ ቶሎ አይደርስም፤ ያወጡት እዚያው የሚፎካከሩት አራት ሾፌሮች ናቸው። አርቱሮ ሜርዛሪዮ እሳቱ ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን ፈታለት። «ብለህ ነበር» ወይም «አላልክም ነበር» የሚባልበት ሰዓት አልነበረም።

ላውዳ ፊቱ ተቃጥሎ፣ ሳንባው በጭስ ተጎድቶ፣ ቄስ የመጨረሻ ጸሎት ካደረሱለት በኋላ በ42ኛው ቀን ጣሊያን ሞንዛ ላይ ተወዳድሮ አራተኛ ወጣ። አነቃቂ ተናጋሪዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። እኔ ግን የምወደው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ኦክቶበር 24 ጃፓን ፉጂ ላይ፣ ዋንጫው በሚለይበት የመጨረሻ ውድድር፣ ዝናቡ ዓይን አያሳይም ነበር። ላውዳ ሁለት ዙር ነድቶ ወጣ። መሐንዲሱ «ሞተር ተበላሸ እንበል» ቢለው እምቢ አለ። ዋንጫውን በአንድ ነጥብ ለጀምስ ሀንት አጣ። በ1977 መልሶ ወሰደው፤ በ1984 ደገመው።

የተጎዳው ወዳጅህም ሁለቱም መብት አለው፤ የመመለስም፣ የማቆምም። አንተ በፍርሃትህ አታስቁመው፣ በሙገሳህም ገፍተህ አትመልሰው።

አደጋን መቀበል ሲባል «ዕድሉ ነው» ብሎ ማለፍ የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም፤ ፎርሙላ ዋን ከዚያ ቃጠሎ በኋላ ወደዚያ ረጅም ሜዳ አልተመለሰም። በ2018 ደግሞ ሄሎ የተባለው የቲታኒየም ቅስት ከሾፌሩ ራስ በላይ እንዲገጠም ግዴታ ሆነ። ፈረንሳዊው ሮማን ግሮዣን ቅስቱን ከተቃወሙት አንዱ ነበር። በ2020 ባህሬን ላይ መኪናው የብረት አጥሩን ሰንጥቃ ስትነድ ጭንቅላቱን ያተረፈለት ያው የተቃወመው ቅስት ነው። 28 ሰከንድ እሳት ውስጥ ቆይቶ በገዛ እግሩ ወጣ።

እንግዲህ ተነስ! ጅቡቲ ሆስፒታል የተኛ አማርኛ ብቻ የሚችል ሾፌር ከብርቱካን በፊት ፈረንሳይኛ፣ ሶማልኛ ወይም አፋርኛ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ያስፈልገዋል። ሐኪሙ ያለውን አስተርጉምለት። የፖሊስና የኢንሹራንስ ወረቀቱን ተከታተልለት፤ ለባለ መኪናው ደውልለት፤ ቤት ለልጆቹ የሚላከው ገንዘብ እንዳይቋረጥ ከጓደኞቹ ጋር ተመካከር። ስለ መሪው እሱ ካላነሳ አታንሳ። ሐኪም ፈቅዶለት፣ እሱም ፈልጎ የሚመለስ ከሆነ፣ ጎማውንና ፍሬኑን አብረህ እየው፤ የመጀመሪያውን ጉዞ ቢያንስ እስከ ድክሂል አጠገቡ ተቀመጥ። መሀል መንገድ ላይ «ይበቃኛል» ካለም መኪናውን ጥግ አስይዙና ሌላ ሾፌር ጥሩ።