ግፍ በሰው ጤንነት ላይ የሚያደርሰው ጕዳት

ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋና ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ የተፈጠረ መሆኑን ሊቃውንቶቻችን አስተምረውናል። ነፍስና ሥጋ በተዋሕዶ አንድ ሰው ስለ ሆኑ አንዱ ሲታመም ሌላው ደኅና ሊሆን አይችልም። ይህን ትምህርት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነገር ግን በገዛ ቤትዋ ተደብድባና ተዋርዳ የምትኖር ሴት፥ ወይም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዱላና በርግማን ያደገ ልጅ ወደ እኛ በመጣ ጊዜ፥ ቍስሉ ከደረቀ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ግፍ ግን ቍስሉ ከዳነ በኋላም በሥጋና በነፍስ ውስጥ ሲሠራ ይኖራል። የንስሐ አባቶች ይህን ጠንቅቀው ሊያውቁት የሚገባ ስለ ሆነ፥ በዚህ ጽሑፍ በመጠኑ ልናስረዳ አሰብን።

አባቶቻችን ነገሩን ሳያስተውሉት አልቀሩም፤ ቋንቋችን ራሱ ምስክር ነው። ያዘነ ሰው «አንጀቴ አረረ» ይላል፤ የተዋረደ «ቅስሜ ተሰበረ» ይላል፤ የሚናገርለት ያጣ ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። የዛሬ ሐኪሞች መርምረው ያገኙት ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም፤ ሆድ እንዲፈጀው የተተወ ነገር በእውነት ሆድን ይፈጃል።

ነገሩ እንደዚህ ነው። ሰው ድንገተኛ አደጋ ሲያጋጥመው ከኵላሊት በላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ያፈስሳሉ። ያን ጊዜ የልብ ምት ይበረታል፥ ትንፋሽ ይፈጥናል፥ ደም ወደ ጡንቻ ይሮጣል፥ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ይህ ሁሉ ሰው ከአውሬ እንዲሸሽ ወይም እንዲታገል ፈጣሪ የሰጠው ኀይል ነው፤ አውሬው ሲሄድ ሰውነትም ያርፋል። አውሬው ማታ ማታ በሩን ከፍቶ የሚገባ የቤቱ አባወራ ሲሆንስ? ሰውነት የሚያርፍበት ሰዓት ያጣል። የደም ግፊት ከፍ ይላል፥ እንቅልፍ ይጠፋል፥ ራስ ምታትና የሆድ ሕመም ይመላለሳል፥ በሽታን የሚከላከለው ኀይልም ይደክማል። በልጅ ላይ ሲሆን ደግሞ ጕዳቱ የከፋ ነው፤ አእምሮው ገና በማደግ ላይ ሳለ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ፍርሃትን ነውና። በየኔታ ፊት የተቀመጠ ሕፃን ትላንት ያጠናውን ዛሬ የሚረሳው ሁልጊዜ ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም።

በአሜሪካ በሳንዲያጎ ከተማ ቪንሰንት ፌሊቲ የሚባል ሐኪም ከልክ በላይ የወፈሩ ሰዎችን ያክም ነበር። ሕክምናው ሠምሮላቸው ክብደታቸው የቀነሰ ሰዎች ሕክምናውን ጥለው ሲሄዱ ባየ ጊዜ ተደንቆ ምክንያቱን ጠየቃቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በልጅነታቸው የተደፈሩ ሆነው ተገኙ። ከዚህ በኋላ ከሮበርት አንዳ ጋር ሆኖ ከ9,500 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ያደረገው ጥናት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1998 ታተመ። በልጅነታቸው ከአራት ዓይነት ወይም ከዚያ በላይ መከራ የደረሰባቸው ሰዎች፥ ምንም ካልደረሰባቸው ይልቅ ለስካር፥ ለአደገኛ ዕፅ፥ ለከባድ ትካዜና ራስን ለመግደል ሙከራ የመጋለጣቸው ነገር ከ4 እስከ 12 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ የልብ፥ የሳንባና የጕበት በሽታም ይበዛባቸው ነበር። ከተጠየቁት የመከራ ዓይነቶች አንዱ እናት ስትመታ ማየት እንደ ሆነ አንባቢ ልብ ይበል። ልጁን አልነካሁትም የሚል ባል፥ በልጁ ፊት እናቱን ሲመታ ልጁንም መምታቱ ነው።

ይህ የባዕድ አገር ነገር ነው የሚል ቢኖር የአገራችንን ይመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2005 ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት፥ በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ባል ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች ከመቶ 71 የሚሆኑት በዘመናቸው ከባላቸው የድብደባ ወይም የመደፈር ግፍ ደርሶባቸዋል፤ ይህም ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ፥ ባል ሚስቱን ለመምታት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ያሉት ከወንዶች ከመቶ 28፥ ከሴቶች ግን ከመቶ 63 ናቸው። የተመታችው ራስዋ መመታት ይገባኛል እስክትል ድረስ መድረስዋ፥ ከተሰበረ አጥንት የሚበልጥ ስብራት ነው። ሴትንና አህያን ከዱላ ጋር አጣምሮ የሚጠራውን ተረት እየሰማን መሳቃችን ለዚህ አስተዋጽኦ ሳያደርግ አልቀረም።

በአእምሮ ላይ የሚደርሰው ጕዳት ብዙ ጊዜ በስሙ አይጠራም። ግፍ የደረሰበት ሰው ያለፈው ነገር ዛሬ እንደሚሆን ሆኖ ይመጣበታል፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ በሕልሙ ይጮኻል፤ አንዳንዴም እንደ ደነዘዘ ፈዝዞ ይቀመጣል። በዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ተንገላተው ከተመለሱ እኅቶቻችን መካከል ይህ የደረሰባቸው አሉ። ቤተ ሰቡ ቡዳ ወይም ዛር ነው ብሎ ወደ ጠበል ይወስዳቸዋል። ወደ ጠበል መሄዳቸውን የሚነቅፍ የለም፤ ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ጠበሉን እየተጠመቁ ሐኪሙንም ማየት ነው እንጂ፥ የተደበደበን ሰው ጋኔን አለብህ ብሎ ሁለተኛ ማስጨነቅ አይገባም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል የኖረው ለቂም ብቻ አይደለም፤ አካሉም አይረሳም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ብዙ ጊዜ ለተበደለች ሴት የሚሰጠው ምክር «ልጄ፥ ቻዪው፤ መስቀልሽ ነው» የሚል ነው። ምክሩ ከቅን ልብ ይመጣ ይሆናል፤ ትዳርን ማጽናትም የካህን ግዴታ ነው። ነገር ግን ስለ ሃይማኖት የሚደርስ ስደትና ከሰካራም ባል የሚመጣ ጡጫ አንድ አይደሉም። ጌታችን በናዝሬት ሰዎች ከገደል ሊጥሉት በወሰዱት ጊዜ በመካከላቸው አልፎ ሄደ። እመቤታችን ልጅዋን ይዛ ከሄሮድስ ፊት ወደ ግብጽ ሸሸች፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ከመስከረም 26 ጀምሮ በጽጌው ወራት በማሕሌት ታስበዋለች። ስደትዋን በየዓመቱ እያከበርን፥ ነፍስዋን ለማዳን የሸሸችን ሴት ትዕግሥት የጐደላት ማለት እንዴት ይስማማል?

በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በ13ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የትዕማርን ታሪክ እናስታውስ። አምኖን አስነወራት፤ ወንድምዋ አቤሴሎም ዝም እንድትል መከራት፤ አባትዋ ዳዊት ሰምቶ ተቈጣ፥ ነገር ግን ቍጣው ወደ ፍርድ አልደረሰም። መጽሐፉ ስለ እርስዋ የሚነግረን የመጨረሻው ነገር በወንድምዋ ቤት ብቸኛ ሆና መቀመጥዋን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የፈነዳው ደም ግን መንግሥቱን አናወጠ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም የመጀመሪያውን የቆሮንቶስ መልእክት ሲተረጕም፥ በ26ኛው ድርሳኑ ሚስቱን የሚመታ ባል አባትና እናቱን ከሚገድል ሰው ጋር እንደሚቈጠር ያስተምራል፤ ጩኸትዋን ሰምተው የሚሮጡ ጎረቤቶችም አውሬ የገባበት ቤት ይመስላቸዋል ይላል። ሐዋርያው ጴጥሮስም ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል አስጠንቅቋል። ይህ ቃል በሰርግ ቀን ደጋግሞ ቢነገር እንዴት መልካም ነበር።

እንግዲህ አንዲት ሴት ወደ ንስሐ አባትዋ ስትመጣ ብቻዋን መጠየቅ ይገባል። ባልዋ አጠገብዋ ተቀምጦ ደኅና ነኝ ብትል ማስረጃ አይደለም፤ በሽምግልና ፊት የተናገረችው ቃልም ማታ ዱላ ሆኖ ሊመለስባት ይችላል። አንገትዋን አንቋት ከሆነ፥ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም እገድልሻለሁ ብሏት ከሆነ ቀን መስጠት አያስፈልግም። የታነቀ ሰው ምልክት ሳይታይበት ከቀናት በኋላ ሊሞት ይችላልና የዚያኑ ዕለት ወደ ሐኪም ትሂድ። በአዲስ አበባ የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንደዚህ ያሉትን ተቀብሎ ያክማል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ግፍን ወንጀል አድርጎታልና፥ ወደ ሕግ መሄድዋ ትዳርን ማፍረስ ተብሎ አይነቀፍ።

ለባልየውም ነፍስ ማሰብ አለብን። ከሚመቱት ብዙዎቹ ሲመቱ ያደጉ ናቸው፤ ይህም የነገሩን ምንጭ ያስረዳል እንጂ በደሉን አያቀልለትም። ጾምና ስግደት ብቻ ታዝዞለት በዚያው ሌሊት ወደዚያው ቤት ቢመለስ ንስሐው ገና አልተጀመረም፤ አስቀድሞ እጁን ይሰብስብ፥ መጠጡን ይተው፥ እስኪረጋጋ ድረስም ከቤት ርቆ ይቀመጥ። መመለሱን መጠየቅም ከእርሱ ሳይሆን ከእርስዋ ነው፤ እርስዋንም ብቻዋን፥ ከአንድ ወርም ከስድስት ወርም በኋላ ደግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።