መነሳሳት ሲቀዘቅዝ ግብን ምን ያጸናዋል? ዕቁብ እንደ ማሳያ

መነሳሳትና ቁርጠኝነት በምን ይለያያሉ

ግብ ማለት አንድ ሰው ሊደርስበት የወሰነው፣ ልኩና ጊዜው የታወቀ ውጤት ነው። መነሳሳት ወደዚያ ውጤት የሚገፋ ስሜት ነው። ውሳኔ በአንድ ቀን ይወሰናል፤ ስሜት ግን በድካም፣ በሕመም ወይም በመሰልቸት ምክንያት ከቀን ቀን ይለዋወጣል። ስሜቱ በጠፋበት ቀንም ሥራው ሳይቋረጥ ሲቀጥል ቁርጠኝነት ይባላል።

ልዩነቱ በመቂና በአካባቢዋ ኑሮ ጎልቶ ይታያል። መቂ በምሥራቅ ሸዋ ዞን፣ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ከመቂ ወንዝ፣ ከዝዋይ (ደምበል) ሐይቅና ከጉድጓድ በሚሳብ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። የአትክልት ገቢ እንደ ደመወዝ በየወሩ አይመጣም፤ ምርት ሲሸጥ በአንድ ጊዜ ይገባል፤ ዋጋ ሲወርድ ደግሞ ይመነምናል። እንዲህ ባለ ኑሮ የረጅም ጊዜ ግብን መጠበቅ ቀላል አይደለም።

መነሳሳት ለምን ይቀዘቅዛል

ፓምፕ (የውሃ መሳቢያ ሞተር) እየተከራየ የሚያለማ አንድ ገበሬ የራሱን ሊገዛ ወሰነ እንበል። ሽንኩርቱን በሸጠበት ቀን ገንዘቡ በእጁ ነው፤ ፓምፑ ግን ገና ወራት ይቀሩታል። በዚያው ቀን የቤት ፍላጎት፣ የዘመድ ጥያቄና የጓደኛ ግብዣ ይቀርባሉ። የሰው አእምሮ ቅርብ ያለውን ጥቅም ከሩቁ አስበልጦ ይመዝናል። ይህ ዝንባሌ በሥነ ልቦናና በምጣኔ ሀብት ትምህርት «የአሁን አድልዎ» ተብሎ ሊጠራ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት እድገቱ አለመታየቱ ነው። ሽንኩርት በመደብ (ችግኝ በሚፈላበት ቦታ) ከርሞ ወደ ማሳ ሲዛወርና ቅጠል ሲያወጣ ዓይን ያየዋል። ጥቂት በጥቂት የሚጠራቀም ብር ግን ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ግማሽ ፓምፕ አይሆንም። የጅማሬው ሙቀት አልፎ ፍጻሜው ገና በማይታይበት በዚህ መካከለኛ ጊዜ ብዙ ግቦች ይቀራሉ።

ዕቁብ ክፍተቱን እንዴት ይሞላል

ዕቁብ አባላት በተወሰነ ቀን እኩል ገንዘብ እያዋጡ፣ የተሰበሰበውን በዕጣ ለአንድ አባል በየተራ የሚሰጡበት ማኅበር ነው። ዳኛ (ሰብሳቢ) እና ጸሐፊ አለው። ለምሳሌ 20 አባላት በየሳምንቱ 1,000 ብር ቢያዋጡ በየሳምንቱ 20,000 ብር ለአንዱ ይደርሳል፤ ዙሩም በ20 ሳምንት ያልቃል።

በዚህ ሥርዓት ትልቁ ግብ ወደ ትንሽ ሳምንታዊ ግዴታ ይመነዘራል። ቀኑ የታወቀ በመሆኑ «ዛሬ ልቆጥብ ወይስ ነገ?» የሚል ሙግት አይነሳም። ያልከፈለ አባል ሲኖርም ሌሎቹ ወዲያው ያውቃሉ።

ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ለምን መክፈሉን ይቀጥላል

የዕቁብ ትምህርት ጎልቶ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ የደረሰው አባል የሚፈልገውን 20,000 ብር አግኝቷል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለ19 ሳምንት፣ በድምሩ 19,000 ብር መክፈል ይጠበቅበታል። ጉጉቱ ስለረካ ከመነሳሳት የሚያገኘው ግፊት የለም።

የሚያጸናው ሌላ ነገር ነው። ገንዘቡን ሲወስድ ዋስ አቅርቧል፤ እሱ ቢቀር የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ስሙም በሰፈርና በገበያ ይታወቃል፤ ቃሉን ያፈረሰ ሰው ወደ ቀጣዩ ዕቁብ የሚያስገባው አያገኝም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው ብሂል ማኅበረሰቡ ለቃል የሚሰጠውን ክብደት ያሳያል።

ጥናት ምን ያሳያል

ራስን አስቀድሞ በግዴታ የማሰር ተመሳሳይ አሠራር በፊሊፒንስ ተፈትኗል። አንድ ባንክ፣ ደንበኞች ራሳቸው ከመረጡት ቀን ወይም የገንዘብ መጠን በፊት ማውጣት የማይችሉበትን የቁጠባ ሒሳብ አቀረበ። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት መሠረት፣ ሒሳቡ የቀረበላቸው ሰዎች ቁጠባ ከአንድ ዓመት በኋላ ካልቀረበላቸው ይልቅ በ81 የመቶኛ ነጥብ በልጦ አድጓል። ሰዎቹ የነገ ፈቃዳቸው እንደሚደክም አውቀው ዛሬ በራሳቸው ላይ ቁልፍ ማድረጋቸው ጠቅሟቸዋል።

ገንዘብ ላልሆነ ግብስ ሥርዓቱ እንዴት ይሠራል

በማታ ትምህርት ለፈተና የሚዘጋጅ ሠራተኛ ከዕቁብ ሦስት ነገር መውሰድ ይችላል፤ የተወሰነ ሰዓት፣ ትንሽ ድርሻና ምስክር። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልቪትዘር እንዳስረዳው፣ «ይህ ሲሆን ያን አደርጋለሁ» ተብሎ የታሰረ ዕቅድ «አጠናለሁ» ከሚል ምኞት ይልቅ ይፈጸማል። «ከሥራ ገብቼ እራት እንደበላሁ ሁለት ገጽ አነባለሁ» ማለት ለዚህ ምሳሌ ነው። አብሮ የሚፈተን ጓደኛ በሳምንት አንድ ቀን የተነበበውን ቢጠይቀው የዳኛውን ቦታ ይተካል።

ድግግሞሽ ሲበዛ ሥራው ልማድ (ብዙ ሳይታሰብ የሚደረግ ተግባር) ይሆናል። በለንደን በ96 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ አዲስ ተግባር ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ ገምቷል፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መሳት ሒደቱን እንደማያበላሽም አሳይቷል።

ጽናት ከግትርነት በምን ይለያል

ዕቁብ ጥብቅ ቢሆንም ደረቅ አይደለም። አንድ አባል ሐዘን ወይም ሕመም ሲደርስበት ሌሎቹ ተስማምተው ዕጣውን ሊያስቀድሙለት ይችላሉ። ተራው ይለወጣል፤ ክፍያው ግን ይቀጥላል።

በግል ግብም እንዲሁ ነው። ሰዓቱ፣ ድርሻው ወይም መንገዱ ሁኔታው ሲያስገድድ ሊለወጥ ይችላል። ግቡ ራሱ የሚተወው ግን የተመረጠበት ምክንያት ሲጠፋ ነው፤ ለምሳሌ ገበሬው መሬቱን ትቶ ወደ ንግድ ከገባ ፓምፑ አያስፈልገውም። መሰልቸት ብቻውን እንዲህ ያለ ምክንያት አይሆንም። በ20ኛው ሳምንት የመጨረሻዋን 1,000 ብር የሚያስረክበው ያ ቀድሞ ዕጣ የወጣለት አባል በዚያ ቀን ደስ ብሎት መሆኑን ማንም አይጠይቀውም፤ ጸሐፊው ከስሙ አጠገብ ምልክት ያደርጋል፣ ዙሩም ይዘጋል።