ጣት በጣት ሲገባ

ሁለት የጠፈር መንኮራኩሮች ተገናኙ ሲባል ብዙዎቻችን በዓይነ ሕሊናችን የምናየው ሲቀራረቡ ነው። መቀራረቡ ግን ገና ጅማሬው ነው። አየር ሳያፈተልክ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲሻገር ሁለቱ አንድ ቤት መሆን አለባቸው።

ቀድሞ እንዴት ይጋጠሙ ነበር ቢሉ፣ በዘንግና በጎድጓዳ ነበር። አንዱ ዘንጉን ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ወደ ውስጥ እየጠበበ በሚሄድ ጎድጓዳ ይቀበለዋል። ሁለቱንም የሚሠራው አንድ አገር ከሆነ ይህ ይበቃል። ዘንግና ዘንግ ከተገናኙ ግን መጋጠም የለም።

አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1972 መንኮራኩሮቻቸውን አፖሎንና ሶዩዝን በጠፈር ለማገናኘት ሲስማሙ፣ ዘንግ ማን ይሁን፣ ተቀባይ ማን ይሁን የሚል ጥያቄ ነበረባቸው። የሶቪየቱ መሐንዲስ ቭላድሚር ሲሮሚያትኒኮቭ ከአሜሪካ ባልደረቦቹ ጋር የደረሰበት መልስ ሁለቱም ሁለቱንም እንዲሆኑ ነው።

እስቲ ሁለት እጆቻችሁን ዘርጉና ጣቶቻችሁን አቆላልፉ። የትኛው እጅ ገባ፣ የትኛው ተቀበለ? አይለይም። መጋጠሚያውም እንዲሁ ነው። በእያንዳንዱ መንኮራኩር ጫፍ ባለው ቀለበት ላይ ሦስት ቅጠል መሰል መሪዎች አሉ፤ የአንዱ ቅጠል በሌላው ክፍተት ይገባል። በዕለቱ ሥራው የደረሰው ወገን ቀለበቱን ወደ ፊት ይዘረጋል፤ ሌላው የራሱን ሰብስቦ ይጠብቃል። ቀለበቶቹ ተነካክተው ሲያያዙ የግጭቱ ኃይል ይበርዳል፤ ከዚያ የተዘረጋው ተመልሶ ሌላውን ይስባል፤ መንጠቆዎች ያጠብቃሉ፤ ጎማው አየሩን ይዘጋል።

ልብ በሉ፤ የተስማሙት በሚነካካው ክፍል ላይ ብቻ ነው። የግጭቱን ኃይል ለማብረድ አሜሪካኖቹ በፈሳሽ የሚሠራ መሣሪያ ተጠቀሙ፤ ሶቪየቶቹ ኤሌክትሪክና ጥርስ ያላቸው መዘውሮችን። ማንም የማንንም ጓዳ አልነካም። እኔ የዚህን ሥራ ጥበብ የማየው እዚህ ላይ ነው። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አጋሮች እ.ኤ.አ. በ2010 የመጋጠሚያን ልክ ለሚሠራ ሁሉ ክፍት አድርገው ያወጡትም በዚሁ መንገድ ነው።

ብረቱ ገጠመ እንበል። አየሩስ? አፖሎ ውስጥ ያለው ንጹሕ ኦክስጅን ነው፤ ግፊቱም በባሕር ጠለል ካለው አንድ ሦስተኛ ገደማ። ሶዩዝ ውስጥ ግን እኛ የምንተነፍሰው ዓይነት አየር ነው። ከሶዩዝ በቀጥታ ወደ አፖሎ የሚሻገር ሰው በደሙ ያለው ናይትሮጅን አረፋ ይሆንበታል፤ ይህም ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ በመካከል ሦስት ሜትር ገደማ የሚረዝም ክፍል ተሠራ። በአፖሎ በኩል ያለው ጫፉ የቀድሞውን ጎድጓዳ፣ በሶዩዝ በኩል ያለው አዲሱን ቀለበት ይዟል። ተሻጋሪው እዚያ ገብቶ በሩን ዘግቶ አየሩ እስኪስተካከል ይቆያል። ሶዩዝም የራሱን ግፊት ወደ ሁለት ሦስተኛ አወረደ፤ ቆይታውም አጠረ።

ሐምሌ 10 ቀን 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1975) አፖሎ ቀለበቱን ዘርግቶ ሶዩዝን ያዘ። የአፖሎው ቶማስ ስታፎርድና የሶዩዙ አሌክሲ ሊዮኖቭ በተከፈተው በር እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ከሁለት ቀን በኋላ መንኮራኩሮቹ ተላቀቁና እንደገና ተጋጠሙ። በዚህኛው ጊዜ ቀለበቱን የዘረጋው ሶዩዝ ነበር።